ሰፊ ግቢ፤ የአጎትና የወንድም ልጅ ምልልስ

ተናጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የዋሉ፣ በጕልምስናቸው በአዲስ አበባ በመሬት ቅየሳ ሥራ ያገለገሉ፣ አሁን በስተርጅና ከልጃቸው ጋራ በሜሪላንድ የሚኖሩ አጎት ናቸው። ሁለተኛው ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋራ በዚያው በሜሪላንድ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ተከራይቶ ሲኖር ቆይቶ፣ ከኦልኒ አልፎ በሁለት ኤከር መሬት ላይ የቆመ ቤት ለመግዛት ልቡ የቈረጠ የወንድማቸው ልጅ ነው። ነገሩ የተጀመረው ልጁ የቤቱን ፎቶግራፍና የግቢውን ካርታ ይዞ ምክር ሊጠይቅ፣ ወይም እንደ ብዙ ምክር ጠያቂ ምርቃት ሊቀበል፣ በመጣበት ቀን ነው።

ገዢው፦ ጋሼ፣ የመሬትን ነገር እንደ እርስዎ የሚያውቅ ስለሌለን ይህን ካርታ እንዲያዩልኝ መጣሁ። ቤቱ አምስት መኝታ ክፍልና ሰፊ ቤዝመንት አለው፤ ከኋላው ያለው መስክ እስከ ዛፎቹ ድረስ ይዘረጋል፤ ዛፎቹም የእኛው ናቸው። የተጠየቀው ዋጋ 750,000 ዶላር ነው፤ እኛም ለቅድሚያ ክፍያው 150,000 አዘጋጅተናል።

አጎት፦ በመጀመሪያ ለዚህ ያበቃህ አምላክ ይመስገን። ሁለት ኤከር በካሬ ሜትር ሲሰላ ከ8,000 ጥቂት ይበልጣል። በ1967 ዓ.ም. በሐምሌ ወር የወጣው አዋጅ ቍጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን ሁሉ የመንግሥት ባደረገ ጊዜ፣ ለአንድ ቤተ ሰብ መኖሪያ የሚፈቀደው ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ወስኖ ነበርና፣ አንተ ዛሬ ለብቻህ ልትይዘው ያሰብኸው መሬት ያን ጊዜ ለዐሥራ ስድስት አባወራ በተዳረሰ ነበር።

ገዢው፦ እኔም መሬት መሬት የምለው በዚሁ ምክንያት ነው እንጂ በትዕቢት አይደለም። አባቴ ሰፊው ግቢ ተወስዶበት በቀረችለት ጥግ ላይ ሎሚና ጌሾ ሲተክል እያየሁ አደግሁ፤ በአገራችን ዛሬም ቢሆን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ተብሎ የሚያዝ ስለ ሆነ፣ ቤት ሠሪው የሚገዛው የሊዝ ዘመን ነው። እዚህ ግን አፈሩም ከነቤቱ ይሸጣል፤ ለልጅ ልጅም ይወርዳል። እንዲህ ያለ ነገር በእጄ ሊገባ ሲል ስለ ምን ልተወው?

አጎት፦ ተወው አላልሁም። ነገር ግን የአፈሩ ነገር እዚህም ቢሆን አንተ እንደምታስበው ያለ ገደብ የተፈታ አይደለም። በዚሁ በሜሪላንድ፣ በባልቲሞርና በአካባቢዋ፣ ቤቱን የገዛ ሰው ከሥሩ ላለው መሬት ባለቤት በየጊዜው ኪራይ የሚከፍልበት፣ ከቅኝ አገዛዝ ዘመን የወረደ ሥርዐት እስካሁን አልጠፋም። የአንተ ቤት ከዚያ ዐይነት ዕዳ ነፃ መሆኑን ከሰነዱ አይቻለሁ፤ ቢሆንም ባዶ እጁን የሚመጣ መሬት የለም። አብርሃም ሣራን ለመቅበር የመክፌላን እርሻ ከኤፍሮን ኬጢያዊ በ400 ሰቅል ብር በገዛ ጊዜ፣ መጽሐፍ ዋሻውንና እርሻውን ብቻ ጽፎ አላለፈም፤ በዙሪያው ያለውን ዛፍ ጭምር በገዢው ስም እንደ ጸና በምስክሮች ፊት አስታውቋል። ሻጩ እርሻውን በነፃ ልስጥህ ሲለው አባታችን እንቢ ያለውም፣ ወሰኑ ያልተነገረ ስጦታ በኋላ ክርክር እንደሚያመጣ ስለሚያውቅ ይመስለኛል። አንተስ ስለ ዛፎቹ ምን ተጽፎልሃል?

ገዢው፦ ወኪላችን የግል ደን ነው ብላናለች።

(ጸሐፊው በዚህ ቦታ ጣልቃ ገብቶ አንድ ነገር ሊናገር ይወዳል። ቤት አሻሻጮች የሚጠቀሙባቸው ቅጽሎች ሁሉ ከአንድ ማሕፀን የወጡ ይመስላሉ፤ ጠባቡ ቤት «የሚያሞቅ»፣ አሮጌው «ታሪክ ያለው»፣ ከሰው የራቀው «ጸጥታ የሰፈነበት» ይባላል፤ ሐሰትም አይባልባቸው፣ እውነትም አይሞላባቸው።)

አጎት፦ እኔ በሥራዬ የለመድሁት የተጻፈውን ስፋት ትቼ የሚቀረውን መለካት ነውና፣ እርሳስህን ያዝና አብረን እንቀንስ። ካርታው ግንባሩ 220 ጫማ፣ ጥልቀቱ 396 ጫማ ይላል፤ ሲባዛ 87,120 ካሬ ጫማ፣ ይኸውም ልክ ሁለት ኤከር ነው፤ የቀያሹ እጅ ይባረክ። ከመንገዱ ወደ ውስጥ 50 ጫማ ድረስ ሕንፃ እንዳይቆምበት መሥመር ተሰምሯል። ይህ 11,000 ካሬ ጫማ፣ ማለት ሩብ ኤከር፣ ሣሩን አንተ የምታጭደው፣ ውበቱን ግን አላፊ አግዳሚው የሚያየው ነው። ግራና ቀኙም እያንዳንዱ 17 ጫማ ከሕንፃ ነፃ እንዲሆን ታዝዟል፤ በስተቀኝም የመብራት ኩባንያው ገብቶ መሥመሩን የሚያበጅበት፣ ቅርንጫፍም ሲያስቸግረው የሚቈርጥበት መብት ተመዝግቦለታል። እዚህ በነጠብጣብ የተከበበው ምን እንደ ሆነ ነገሩህን?

ገዢው፦ እሱ ሴፕቲኩ ነው።

አጎት፦ ሴፕቲኩ ከነተተኪው ነው። ይህ ቤት ከከተማው የፍሳሽ መሥመር ጋራ ስላልተገናኘ፣ ከመጸዳጃውና ከወጥ ቤቱ የሚወርደው ሁሉ በመሬት ውስጥ ወደ ተቀበረ ታንከር ይገባል፤ ጭቃው ከታች ይዘቅጣል፤ ውሃው ግን በተበሱ ቧንቧዎች ወደ መስኩ ተሠራጭቶ አፈሩ ያጣራዋል። አፈሩ ይህን ሥራ እየሠራ ሲኖር አንድ ቀን መድከሙ አይቀርምና፣ ያን ጊዜ የሚተካው ሌላ መስክ አስቀድሞ ይከለላል። በዚህ ካርታ ላይ የተከለለው 10,000 ካሬ ጫማ ነው፤ በላዩ ቤት አይሠራም፣ መኪና አይቆምም፣ ሥሩ የሚጠልቅ ዛፍ አይተከልም። የታንከሩም ስፋት የሚወሰነው በመኝታ ክፍሉ ብዛት ስለ ሆነ፣ ቤዝመንቱን ከፍለህ ሌላ መኝታ ላበጅ ብትል የካውንቲው መሥሪያ ቤት በመጀመሪያ የሚጠይቅህ የግድግዳውን ነገር ሳይሆን የዚህን ጕድጓድ ነገር ነው።

ገዢው፦ ቤዝመንቱን ለእናቴ ላበጅ አስቤ ነበር።

አጎት፦ ወደ እናትህ እንመለሳለን። አሁን ዛፎቹን እንይ። በሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣ የደን ጥበቃ ሕግ አለ፤ ሰፊ መሬት ተከፋፍሎ ቤት ሊሠራበት ሲል፣ ባለመሬቱ ከደኑ የተወሰነውን ክፍል ለዘለቄታው እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ ግዴታውም ከመሬቱ ጋራ ተጣብቆ ከገዢ ወደ ገዢ ይተላለፋል። ካርታህን በዚህ በኩል ብታየው ከኋላው 100 ጫማ ጥልቀት ያለው ክፍል የደን ግዴታ እንዳለበት በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። ስፋቱ 22,000 ካሬ ጫማ፣ ማለት ግማሽ ኤከር ነው። በስምህ ይመዘገባል፤ ዛፉን ግን አትቈርጥም፣ ሥሩንም መንጥረህ ጌሾ አትተክልም፣ ጎጆም አትቀልስበትም። ዛፎቹ የእኛው ናቸው ያልኸው እውነት ነው፤ ጠባቂያቸው አንተ ነህ።

ገዢው፦ ይህን ማንም አልነገረኝም።

አጎት፦ የሚነግርህ ባይኖርም የተሰወረ ነገር አይደለም። ኤርምያስ ኢየሩሳሌም ተከባ ሳለች የአጎቱን ልጅ እርሻ በ17 ሰቅል ብር በገዛ ጊዜ፣ ሁለት ዐይነት የውል መጽሐፍ፣ አንዱን የታተመ ሁለተኛውን የተከፈተ፣ በሸክላ ዕቃ ውስጥ አኑሯል። የዚህ አገር የተከፈተው መጽሐፍ በካውንቲው ፍርድ ቤት ያለው የመሬት መዝገብ ነው፤ ማንም ሰው ከቤቱ ሳይወጣ በኮምፒዩተር ሊያነበው ይችላል። አሁን የቀነስነውን ደምር፦ የፊቱ፣ የጎኖቹ፣ የሴፕቲኩና የደኑ፤ በዚያም ላይ ቤቱ ራሱ የተቀመጠበት፣ የመኪናው መግቢያና የውሃው ጕድጓድ። እንደ ልብህ የምታደርገው የሚቀርልህ ከግማሽ ኤከር ጥቂት ቢበልጥ ነው። ዋጋውን የምትከፍለው፣ ግብሩም የሚታሰብብህ ግን በሁለቱ ኤከር ነው።

ገዢው፦ ጋሼ፣ ነገሩ እንዲህ ከተቀናነሰ የማን ግቢ ይቀራል? ባለቤቴ የወደደችው በኮልስቪል ያለው ቤት ግቢው 20,000 ካሬ ጫማ ብቻ ነው፤ ከእሱም የፊቱና የጎኑ ይቀነሳል።

አጎት፦ ይቀነሳል። የከተማ ውሃና የከተማ ፍሳሽ ስላለው ግን የጕድጓዱና የመስኩ ሒሳብ የለበትም። ባለቤትህ የወደደችው ሌላ ቤት መኖሩን እስካሁን ለምን አልነገርኸኝም?

ገዢው፦ እንዲያ ቢሆን ምክሩ እዚያው ያልቅ ነበር ብዬ ነው።

አጎት፦ ብልጥ ነህ። ይልቅስ የካውንቲው ሰዎች ለአንድ ቤት ሁለት ኤከር ይሁን ብለው በሕግ የጻፉት ለምን እንደ ሆነ ጠይቀህ ታውቃለህ? ስለ ነፋሱና ስለ ጸጥታው ብቻ ይመስልሃል?

ገዢው፦ አልጠየቅሁም፤ ከተማው እንዳይጨናነቅ ይመስለኝ ነበር።

አጎት፦ እሱም አለበት። እ.ኤ.አ. በ1926 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኦሃዮ ባለችው በዩክሊድ መንደር ጉዳይ ፈርዶ፣ መንደሮች የትኛው ቦታ ለመኖሪያ፣ የትኛውስ ለፋብሪካ እንዲሆን የመወሰን ሥልጣን እንዳላቸው አጸና። ከዚያ ወዲህ በየመንደሩ የቤት ቦታ ከዚህ ልክ እንዳያንስ ተብሎ ሲወሰን፣ ልኩ በሰፋ መጠን ቤቱ እየተወደደ፣ ገንዘቡ ያነሰውን ሰው ዘበኛ ሳያቆሙ ከደጅ የሚመልስ አጥር ሆነ። በቆዳው ቀለም ለተጠላው ሰው ደግሞ ገንዘብም አይበቃውም ነበር። በቤቱ ውል ውስጥ ጥቍር ሰው እንዳይገዛው፣ እንዳይከራየውም የሚል ቃል ይጻፍ ነበር፤ ፍርድ ቤት እንዲህ ያለውን ቃል ሊያስፈጽም አይችልም የተባለው እ.ኤ.አ. በ1948 በሼሊና በክሬመር ጉዳይ ነው፤ በቤት ሽያጭና ኪራይ ማዳላት በሕግ የተከለከለው ደግሞ ሃያ ዓመት ቈይቶ በ1968 ነው። ከዚህ ሩቅ በማይባለው በቦዊ፣ ሌቪት የተባለው ታላቅ ቤት ሠሪ በ1960ዎቹ ቤቶቹን በሺህ እየሠራ ሲሸጥ ለጥቍሮች አይሸጥም ነበር። ዛሬ ግን ቦዊ ያለችበት የፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ባለጸጋ ጥቍር ቤተ ሰቦች በብዛት ከሚኖሩባቸው የአገሪቱ ካውንቲዎች አንዱ ሆኗል። ያንጊዜ ይህን 150,000 ዶላር ይዘህ ብትመጣ ካርታውን እንኳ ባላሳዩህ ነበር።

ገዢው፦ እንግዲያው መግዛቴ ራሱ አንድ ነገር ነው።

አጎት፦ ነው፤ እኔም ደስ ይለኛል። ዳሩ ግን ሌላውን ሰው ለማራቅ በተሰፋ ግቢ መካከል የምትቀመጠው አንተም ትርቃለህ። እስቲ ስለ ገንዘቡ ንገረኝ፤ ባንኩ ተስማማ?

ገዢው፦ ባንኩ ያስቸገረው በዕቍቡ ነው። ከ150,000 ዶላር ውስጥ 40,000ው ባለፈው ወር የወጣልኝ ዕቍብ ነው፤ አበዳሪው የሁለት ወር የባንክ ሒሳቤን ሲመረምር ይህን ያህል ገንዘብ በአንድ ጊዜ መግባቱን አይቶ ከየት መጣ አለኝ። ሃያ ሆነን በየወሩ ሁለት ሁለት ሺህ እየጣልን በዕጣ እንደምንወስድ ነገርሁት፤ ብድር ነው? አለኝ፤ አይደለም አልሁት። ስጦታ ነው? አለኝ፤ አይደለም አልሁት። ታዲያ ምንድር ነው? ሲለኝ፣ የራሴ ገንዘብ ነው፣ ገና ያልጣልሁት ግን አለበት ብዬ ሁለታችንም ዝም አልን።

አጎት፦ (እየሳቁ) ያልጣልኸው ካለበት እንደ ዕዳ ቢቈጥሩብህ አትፍረድባቸው። ወርኀዊውን መዋጮ ጽፈህ፣ የጣልህበትን ማስረጃ አያይዘህ ስጥ፤ ነገሩን አትሸሽግ፤ ለብድር በሚሞላ ወረቀት ላይ መዋሸት በዚህ አገር ወንጀል ነው። የቀረውን 600,000 በስንት ወለድ ነው?

ገዢው፦ ለሠላሳ ዓመት፣ በማይለወጥ ወለድ፣ ከመቶ 6.5።

አጎት፦ እንግዲህ በየወሩ 3,792 ዶላር ትከፍላለህ፤ በመጀመሪያው ወር ከዚህ ውስጥ 3,250ው ወለድ ሲሆን፣ ከዋናው ዕዳ የሚቀነሰው 542 ዶላር ብቻ ነው። ሠላሳው ዓመት ሲፈጸም ለተበደርኸው 600,000 ከ1,365,000 ዶላር በላይ ከፍለህ ትገኛለህ። ግብሩና ኢንሹራንሱ ከዚህ ውጪ ናቸው። የቤቱ ግምት በየሦስት ዓመቱ ስለሚታደስ ግብሩ ባለበት አይቆምም፤ በሚኖርበት ቤት ላይ ግብር የሚታሰብበት ግምት በአንድ ጊዜ እንዳይንር የሚያደርግ ሥርዐት በሜሪላንድ ቢኖርም፣ ማመልከቻ ላላስገባ ሰው አይሰጥምና እሱን አትርሳ። በዚህ ሁሉ ላይ የሰፊው ግቢ ደመወዝተኞች ይመጡብሃል፦ ሣር አጫጁ፣ በየሦስት ወይም በየአምስት ዓመቱ ታንከሩን የሚመጥጠው፣ ውሃውን የሚመረምረው፣ በክረምት በረዶውን ከመግቢያው የሚጠርገው።

ገዢው፦ ሣሩን ልጆቼ ያጭዱታል።

አጎት፦ አንድ በጋ ያጭዱታል። ስለ ውሃው ግን ስማኝ። ከራስህ ጕድጓድ ውሃ የሚያወጣው ሞተር በመብራት ነው የሚሠራው፤ ዐውሎ ነፋስ ዛፍ ጥሎ መብራት ሲጠፋ፣ ውሃውም አብሮ ይጠፋል። ጄኔሬተር ልትገዛ ነው። ጎመንና ጤና አዳም ብትተክል ደግሞ አጋዘኖቹ በሌሊት ወጥተው ጎመኑን ይላጩልሃል፤ ጤና አዳሙን ብቻ ስለ ሽታው ሳይተዉልህ አይቀሩም ብዬ እጠረጥራለሁ።

ገዢው፦ ጋሼ፣ እርስዎ የሚያዩት ወጪውን ነው፤ እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው፤ ይፍቀዱልኝና ልናገር። አሁን ባለንበት አፓርታማ ባለቤቴ ቡና በሙቀጫ ስትወቅጥ ከታች ያለው ሰው በመጥረጊያ እንጨት ኮርኒሱን ይደበድባል። ዘመዶቻችን በልጄ ክርስትና ዕለት ደረጃው ላይ ቆመው በሉ። የሌላው አጎቴ ሚስት ያረፈች ጊዜ ለቅሶ የሚቀመጥበት ቤት ፍለጋ ስንዞር ዋልን። ልጆቼ ኳስ የሚመቱት መኪና ማቆሚያው ላይ ነው። እኔ የምመኘው ድንኳን የሚተከልበት፣ ሃምሳ ሰው ገብቶ ሃምሳ ሰው የሚወጣበት፣ አሮጊቶች ከጥላ ሥር የሚቀመጡበት ግቢ ነው። ይህ ቅንጦት ነው?

አጎት፦ ቅንጦት አይደለም፤ በነገርህ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ እውነት ያለበት ይህ ነው። ሰው የማይገባበት ቤት፣ ሺህ ኤከር ቢሆን፣ ለእኛ ቤት አይደለም። ነገር ግን ለሃምሳ ሰው የሚበቃው ግቢ 20,000 ካሬ ጫማው ነው፤ ሃምሳውም ሰው መኪናውን በሴፕቲኩ መስክ ላይ ሊያቆምብህ አይችልም። ደግሞስ ሃምሳው ሰው ከየት ይመጣል? ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ከአሌክሳንድርያ፣ ከዋሽንግተን ነው። ለሠርግና ለክርስትና ይመጣል፤ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ግን አይመጣም። አሁን የእናትህን ነገር እናንሣ። እናትህ ስንት ዓመቷ ነው?

ገዢው፦ ሰባ አራት።

አጎት፦ መኪና አትነዳም። አንተና ባለቤትህ ከንጋቱ ወጥታችሁ፣ አንተ በመንገድ መጨናነቅ፣ እሷ በሆስፒታል ፈረቃ፣ በመሸ ትመለሳላችሁ፤ ልጆቹን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይወስዳቸዋል። በዚያ ቤት በር ላይ ቆማ ብትጣራ ከጎረቤቱ ጋራ የሚለያያት ከመቶ ጫማ በላይ ሣር ነው፤ እግረኛ የሚሄድበትም ጥርጊያ ከመንገዱ ዳር አልተሠራም። እኔን እይ። ልጄ ደግ ነው፣ ቤቱም ያማረ ነው፤ ከቍርስ እስከ ራት ድረስ ግን በአፌ የሚወጣው ቃል ዳዊት ስደግም የምለው ብቻ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ የነበርን ጊዜ እንጀራ ልገዛ ወጥቼ ከሦስት ሰው ጋራ ተጣልቼ፣ ከአራት ጋራ ታርቄ እመለስ ነበር።

ገዢው፦ ይህን ከዚህ በፊት ነግረውን አያውቁም።

አጎት፦ ልጄ ቤቱን በገዛልኝ ማግሥት ይህን ብነግረው ምን ይባላል? አንተ ግን ገና አልገዛህምና ይነገርህ። እናትህን ቤዝመንት ውስጥ ከመስኮት በላይ ሣር እያየች ልታስቀምጣት አታስብ፤ ከምድር ቤት አንድ መኝታና መታጠቢያ ያለው ቤት ፈልግ። የኮልስቪሉ አለው?

ገዢው፦ አለው። አውቶቡስም በአቅራቢያው ያልፋል። ነገር ግን መሬቱ...

አጎት፦ መሬቱ ያንሳል፤ አውቃለሁ። እኔ በዕድሜዬ ስለካው የኖርሁትን ነገር አልንቀውም። የኦልኒውን መተው ካቃተህ አልቈጣህም፤ ሦስት ነገር ሳይጻፍልህ ግን አትፈርም፦ ሴፕቲኩና ጕድጓዱ በባለሙያ ይመርመሩ፤ የደኑና የመብራቱ ግዴታ ሙሉ ቃሉ ይሰጥህ፤ ወሰኑም በእውነተኛ ቀያሽ ችካል ተተክሎ ይታይ። በክሎዚንግ፣ ማለት ሽያጩ በሚፈጸምበት ቀን፣ የሚሰጡህ የቤቱን አቀማመጥ የሚያሳይ ሥዕል ለባንኩ እንጂ አጥር ለሚያጥር ሰው አይሆንም። ለራስህም የባለቤትነት ኢንሹራንስ ግዛ፤ ባንኩ የሚያስገዛህ የሚጠብቀው ባንኩን ነው።

ገዢው፦ ወኪላችን ግን ሌላ ገዢ ስላለ ቅድመ ሁኔታ ካበዛን ይነጥቀናል ትላለች። ኢንስፔክሽኑን እንኳ ብንተው ይሻላል ብላናለች።

አጎት፦ ይንጠቀው። ታንከሩም ሲደክም ይጠግነው።

ገዢው፦ ዐርብ መልስ ስጡ ተብለናል።

አጎት፦ እስከ ዐርብ ሦስት ቀን አለ። ነገ ከባለቤትህ ጋራ፣ ሥራ ከመውጣታችሁ በፊት፣ ከኦልኒው ቤት ተነሥታችሁ ሰዓት እያያችሁ እስከ ሆስፒታሏ ንዱ፤ በማግሥቱም ከኮልስቪል። ሌላውን ሁሉ እኔ ነግሬሃለሁ፤ ይህን ግን ራሳችሁ ካላያችሁት አይገባችሁም።

ገዢው፦ ጋሼ፣ አንዱን ብቻ ይንገሩኝና ልሂድ፤ እርስዎስ መጥተው ሊሰነብቱ የሚወዱት በየትኛው ቤት ነው?

አጎት፦ ማንንም መኪና አምጡልኝ ሳልል ተነሥቼ ልመጣበት በምችለው ነው። አሁን ባለቤትህን ጥራልኝ፤ የኮልስቪሉን ካርታ እሷ ሳትይዘው አትቀርም።